ሳይጠየቅ የተነሳ ስም

ሶልቢ የተዝረከረከ ነገር ካየች እጇ አያርፍም። እናቷ ከንጋት ጸሎት ተመልሳ ጫማዋን በር ላይ ስታወልቅ፣ ገና ዞር ሳትል ሶልቢ አሰልፋ አስቀምጣዋለች። ይሄው ጠባይዋ ነው በኋላ ጉድ የሠራት።

በኮሪያዋ ጆንጁ ከተማ ውስጥ ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ለኮድ ፈተና የሚለማመዱበት ቡድን ነበራቸው። ኩባንያዎቹ ከመቅጠራቸው በፊት በኮምፒውተር ይፈትናሉ፤ የተሰጠውን ጥያቄ በኮድ ያልፈታ ቃለ መጠይቅ አይደርስም። ልጆቹ የልምምድ ጥያቄ ይፈቱና መልሳቸውን ኢንተርኔት ላይ በጋራ ማኅደር ያስቀምጣሉ። የትኛውን መልስ ማን እንደጻፈው ማኅደሩ ራሱ መዝግቦ ይይዛል። ደንባቸው ደግሞ አንድ ነው፦ የራስህን መልስ ራስህ አታስገባም። ሌላ ሰው አንብቦ «ይግባ» ማለት አለበት።

የሶልቢን መልስ የሚያነብላት ቴሪም የሚባል ልጅ ነበር። ገና ስትጀምር መልሷ ሥር እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦ «መልሱ ልክ ነው። ግን አንድ በር ለመክፈት ቤቱን ሁሉ ዞረሽ መጣሽ።»

ተናደደች። ቅዳሜ ካፌ ሲገናኙ ገና ሳትቀመጥ ጀመረችው።

«እኔስ ቤቱን ዞርኩ። አንተ ግድግዳውን እያፈረስክ ነው የምትገባው! ያንተን ኮድ ማን ሊያነበው ይችላል?»

«አንቺ አነበብሽው አይደል?»

የሶልቢ ጆሮ ቀላ።

«ኪምባፑ ደረቀ» አለች ቦራም፣ የቡድኑ ሦስተኛ ሰው፣ በባሕር አረም የተጠቀለለውን ሩዝ እየገፋችላቸው። «መነካከሱን ተዉትና ብሉ።»

እንዲህ እየተነካከሱ ክረምቱ አለፈ። ሶልቢ ጥያቄ የምትፈታው ለፈተናው ይሁን እሱ እንዲያነብላት፣ እሷም ለይታ አታውቀውም። ቴሪም እንደሆነ የማይናገር ሰው ነው። የገብስ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሲያያት ይቆይና፣ ቀና ስትል መስኮቱን ያያል።

ማኅደሩ ግን ዓይን አይገባም ነበር። መልሱ ሁሉ በየሰው ፎልደር ተከምሮ፣ አንዱ ጥያቄ ሦስት ቦታ ይገኛል። ሶልቢ አንድ ቀን አላስቻላትም። ማንንም ሳትጠይቅ አዲስ ማኅደር ከፈተች። የሁሉንም መልስ አውጥታ በየጥያቄው ዓይነት ለየች፣ ማውጫ ሠራችለት፣ ስታበቃ አሮጌውን ደመሰሰችው።

«ወይ ጽዳት!» አለች ቦራም።

ቴሪም ስክሪኑን አየ፣ አየና፣ «አምሮበታል» አለ። ላፕቶፑንም ከደነ።

ከሳምንት በኋላ ቦራም ሶልቢን ከካፌው ወደ ደጃፍ ጠራቻት።

«ቴሪም ያን ኩባንያ ተወው፣ ሰምተሻል?»

«የትኛውን? ሲመኘው የኖረውን? ምነው?»

«የሠራኸውን ማኅደር አሳየን ይላሉ። ምኑን ያሳይ? አዲሱ ላይ የሁሉም መልስ ጸሐፊ አንቺ ነሽ እኮ።»

«እኔ? እኔ ያደራጀሁት ብቻ...»

«ያስገባሽው አንቺ ነሻ! ማኅደሩ የሚያውቀው መልሱን ያስቀመጠውን ሰው ነው። እኔ ሥራ ይዣለሁ፣ ግድ የለኝም። እሱ ግን ቢያሳያቸው ካንቺ የገለበጠ ነው የሚመስለው።»

ሶልቢ ቦራምን እዚያው ተወቻት። ተመልሳ ገብታ ቴሪም ፊት ቆመች።

«አሮጌው ላፕቶፕህ ላይ አለ?»

«አለ። ሙሉው።»

«ታዲያ ለምን አልመለስከውም?»

«ብመልሰው ያንቺ ልፋት ይጠፋል። ማመልከቻዬ ላይ አሳየዋለሁ ብለሽ ስትደሰቺ ነበር።»

«አንተስ?»

«ሌላ ኩባንያ ይመጣል።»

«ሰውዬ! የሰው ስም ወስጄ ስኩራራ እያየህ ዝም አልክ?» እንባዋ መጣ። «ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ታፍሪያለሽ ብዬ ነው።»

«ልፈር! ጥፋቱ የኔ አይደል? ማመልከቻው መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ነገ ማታ።»

ቤት ገብታ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ እስክትጨርስ ሰማቻትና፣ «ያጠፉትን ማቃናት የእግዚአብሔር ነው፣ ልጄ» አለች። «ንጋት ላይ እጸልይለታለሁ። ስሙ ማን ነው ያልሽኝ?»

«ቴሪም።»

እናት የልጇን ድምፅ ታውቃለች። «እሺ፣» አለች፣ «የሁለታችሁንም ስም አብሬ እጠራለሁ።»

በማግስቱ ካፌው እንደተከፈተ ቴሪም አሮጌውን ማኅደር መለሰው። ሶልቢ ያንን የለፋችበትን በገዛ እጇ አጠፋችና፣ አጠገቡ ተቀምጣ እንደገና ጀመረች። አሁን መልሶቹን አውጥታ አልገለበጠችም። እዚያው ማኅደር ውስጥ እያንዳንዱን ወደ ቦታው አዛወረችው። እንዲያ ሲሆን የጸሐፊው ስም አይለቅም። የእያንዳንዱን መልስ ስም ጮክ ብላ ትጠራለች፣ እሱ «አዛውሪው» ይላል። ምሳ እንኳ አልበሉም። ጀንበር ሳትጠልቅ መልሱ በየጸሐፊው ስም፣ አደረጃጀቱ በሶልቢ ስም ቆመ።

ቴሪም አንብቦ ሥሩ ጻፈ፦ «ይግባ። ቤቱን አልዞርሽም።»

ሊንኩን ላከ። ፈተናውንም አለፈ፣ ቃለ መጠይቁንም አለፈ፣ ተመስገን ነው፣ ተቀጠረ። ሶልቢም ትንሽ ቆይታ እዚያው ከተማ ሥራ ያዘች።

በመከር ወቅት ቴሪም ማኅደሩ ላይ አንድ ነገር ላከ። የአባላቱ ስም በተጻፈበት ገጽ የሱንና የሶልቢን ስም አንድ መስመር ላይ አድርጎ፣ «ይግባ?» ይላል።

ሶልቢ ልቧ እየመታ መለሰችለት፦ «አይገባም። መጀመሪያ ቤት ና፣ እናቴ ፊት አፍህን ከፍተህ ተናገር።»

እሁድ ከአምልኮ በኋላ የፒር ፍሬ በሣጥን ተሸክሞ መጣ። ከበሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ሆነ። ሶልቢ ልታነሳው ጎንበስ አለችና እጇን ሰበሰበች።

«ላስተካክለው?» አለችው።

ቴሪም ሳቀ። «አስተካክዪው። ካንቺው ጎን አድርጊው።»

ከውስጥ እናቷ፣ «ግቡ እንጂ! ብርዱን አስገባችሁት እኮ!» ስትል ተሰማች።