ቤት 14፣ የታጠበ

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ አምቦ በሚገኘው ሰፈራችን አርባ አንድ ቤት ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ላስቲክ ከቆሻሻ ይለያሉ፤ ስምንቱ አይለዩም። የሚለዩት ሃይላንዱንና የዘይት ጀሪካኑን አጥበው፣ አድርቀው፣ በማዳበሪያ ከረጢት ያጠራቅማሉ። በየከረጢቱ ላይ የቤት ቁጥር፣ ቀንና «የታጠበ» የሚል ቃል በማይለቅ ማርከር የምጽፈው እኔ ነኝ። የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ስለሆንኩ ምልክት የሌለው ነገር አላምንም።

ላስቲክ መለየቱን ቤት ለቤት ዞሬ ያስጀመርኩትም እኔው ነኝ። በመጀመሪያ እሺ ያለችኝ የቤት 14ዋ አዴ ሲንቄ ነበረች።

«ከቦኖ ተሸክሜ ባመጣሁት ውሃ ቆሻሻ ልጠብልሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ አጠበች።

ቅዳሜ ጠዋት ቶኩማ በፈረስ ጋሪው ይመጣል። ከረጢቶቹን ጭኖ በላይኛው መንገድ ወደ አስፋልቱ ያወጣቸዋል፤ እዚያ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አይሱዙ ይረከባቸዋል። ሌላ ቤት ከረጢት ለማንሳት ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። እኛ በር ላይ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር።

«ሩት፣ የዚህኛው ክዳን አልወለቀም» ይለኛል አንዱን ሃይላንድ አውጥቶ።

«አውልቀው። እጅ የለህም?»

«ሳወልቅ ሰዓቱ ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

ይህን ካልኩ በኋላ ሁለታችንም መሬት መሬቱን አየን። ፈረሱ ብቻ ቀና ብሎ ያየን ነበር።

ሐምሌ 1 ቅዳሜ ጋሪው ከበራችን ተነሥቶ ወደ ላይ አልወጣም። ወደ ታች፣ ወደ ድሮው ወፍጮ ቤት ዞረ። በጭቃው ላይ የጎማውን መስመር አየሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም አየሁ። በዚያ በኩል ያለው የተዘጋው ወፍጮ ቤትና ከኋላው ወደ ሁሉቃ ወንዝ የሚወርደው ቦይ ብቻ ነው።

አልጠየቅሁትም። አይሱዙው ቀርቶ ከሆነ ቅዳሜም ይቀራል። ስድስት ቅዳሜ ቆጠርኩ፤ ስድስቱንም ዝም አልኩ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያየሁትን ሳልመዘግብ ቀርቼ አላውቅም።

ነሐሴ 12፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘነበ። ጩኸት ሰምቼ ወደ ታች ስሮጥ ቦዩ ከወፍጮ ቤቱ በታች የመንገዱን ቱቦ ማለፍ አቅቶት ከቱቦው አጠገብ ወዳለው ወደ አዴ ሲንቄ ቤት ገብቷል። የአንድ ዓመት ቀለቧ የሆነው ጤፍ ከነጆንያው ውሃ ውስጥ ተቀምጧል። ቶኩማ ወገቡ ድረስ ቦዩ ውስጥ ቆሞ ቱቦውን የደፈነውን ነገር ይጎትታል።

የወጣው ከረጢት ነበር። ጽሑፉ አልለቀቀም።

«ያንቺ ጽሕፈት ነው፤ አንብቢልኝ» አለችኝ አዴ ሲንቄ።

«ቤት 14፣ ሐምሌ 22፣ የታጠበ።»

«የኔ ቤት?»

«አዎ፣ አዴ።»

ከረጢቱን በእግሯ ገፋ አደረገችው። «በእጄ ያጠብኩት ነው እንግዲህ ቤቴ የመጣው።»

ቶኩማ ከውሃው ሳይወጣ መናገር ጀመረ። «አዴ፣ አይሱዙው ከሰኔ ወዲህ አልመጣም። እስኪመጣ ብዬ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ከምሬው ነበር። ጎርፍ ይወስደዋል ብዬ አላሰብኩም።»

«ታዲያ አፍ የለህም? ለዚህች ልጅ አትነግራትም ነበር?»

«ብነግራት ቅዳሜ ይቀራል።»

የቆመው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዝም ብል ጥፋቱ የእሱ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። እሱም አላየኝም፤ ዝም እንድል ፈልጎ ይመስለኛል።

«አዴ፣ እኔም አውቅ ነበር» አልኩ። «ጋሪው ወደ ታች ሲወርድ ስድስት ጊዜ አይቻለሁ። ቅዳሜ እንዳይቀርብኝ ብዬ አልጠየቅሁም።»

ያኔ ቶኩማ አየኝ። ያን ያህል ጊዜ በር ላይ ስንቆም እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን ከኋላዬ የጤፉ ጆንያ ውሃ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

አዴ ሲንቄ ሁለታችንንም ተራ በተራ ተመለከተች። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሽማግሌ መላክ ይቀል ነበር» አለች። «ሁለት ሰው ሲፈላለግ የኔ ቤት ምን አደረገ? በሉ፣ ጤፌን አውጡ።»

አወጣነው። ሦስት ቀን አሰጣነው፤ ሻገተ። ከየቤታችን ጤፍ አምጥተን ብንተካላትም ያንን ሽታ ሁለታችንም አልረሳነውም።

ከዚያ ሠላሳ ሦስቱንም ቤት አብረን ዞርን። በየበሩ እሱ ያደረገውን እሱ፣ እኔ የደበቅሁትን እኔ ተናገርን። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ በሩን ዘጋ። በአሥራ ዘጠነኛው ቤት ደጃፍ ላይ ቶኩማ እጄን ያዘ፤ አልለቀቀም። እስከ መጨረሻው ቤት እንደዚያው ሄድን።

ጥር ላይ ሽማግሌ ተላከ። አባቴ እሺ ሲሉ እኔ ግን አዴ ሲንቄ ሳትፈቅድ አይሆንም አልኩ። ሄደን ጠየቅናት።

«ቱቦውን በየሳምንቱ ትጠርጋላችሁ?»

«እንጠርጋለን።»

«እንግዲያው ተጋቡ። እኔ ምን አግብቶኝ።»

ከተጋባን በኋላ ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዘን ቦዩ ውስጥ እንገባለን። አይሱዙው አሁን በወር አንዴ ይመጣል። ቶኩማ ከረጢቶቹን ሲያስረክብ ከጎኑ ቆሜ የቤት ቁጥራቸውን አነባለሁ።

በ2016 ክረምት ትልቁ ዝናብ በጣለበት ቀን ውሃውን በሜትር ለካሁት፤ ከአዴ ሲንቄ ደፍ በአሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ አለፈ። ከሠላሳ ሦስቱ ቤቶች ዛሬ ላስቲክ የሚለዩት አሥራ አራት ናቸው። ቤት 14 ከነሱ ውስጥ የለም።