ለሁለት የተከፈለው ኪኒን

ወገኖቼ፣ መድኃኒት አትካፈሉ። ይህን የምላችሁ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ስለሆንኩ አይደለም፤ ወንድሜን ስለቀበርኩ ነው።

ታናሽ ወንድሜ የልስን ሠራተኛ ነበር። እሱና ጓደኛው አንድ መወጣጫ ላይ ቆመው፣ አንዱ ሲለጥፍ ሌላው እያስተካከለ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ዳቦም ሆነ ሸሚዝ ሳይካፈሉ አያውቁም። "እናንተማ ሚስትም እንዳትካፈሉ!" እያልኩ አበሽቃቸው ነበር።

ወንድሜን ትኩሳት ያዘው። ሰውነቱ መነመነ፣ ሆዱ በግራ በኩል አበጠ። በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ነበር፤ የሃያ ስምንት ቀን ኪኒን ታዘዘለት። በሁለት ሳምንቱ ትኩሳቱ ለቀቀው፣ መብላት ጀመረ። "ኪኒኑን ወሰድክ?" ስለው "ወስጃለሁ እታለም" ይለኛል። እኔ ሞኟ ብልቃጡን እንኳ ከፍቼ አላየሁም።

ከአራት ወር በኋላ ትኩሳቱ አገረሸ። የመቅኒውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ያየሁት እኔው ነኝ። ሰውነታችን ጠላት የሚውጡ ዘበኛ ሴሎች አሉት። የተዋጠው ጠላት አልሞት ካለ፣ ሴሉ ራሱን ገድሎ ማደሪያ ያሳጣዋል፤ ደንቡ ይኸው ነው። የካላዛር ተውሳክ ግን ያን ደንብ ያፍነዋል። መሞት የሚገባው ዘበኛ በሕይወት ይቆያል፣ ተውሳኩም እዚያው ሆዱ ውስጥ ይራባል። በወንድሜ ሴሎች ውስጥ ታጭቀው አየኋቸው።

"እውነቱን ንገረኝ፣ ስንት ቀን ወሰድክ?"

"አሥራ አራት። ሌላውን ለጓደኛዬ ሰጠሁት። እሱም እንደኔ ሲያተኩሰው ነበር። ሐኪም ቤት ሲመላለስ ከሥራ ቢያባርሩትስ? እኔ እንደሆን ድኜ ነበር።"

"ትኩሳት ስለለቀቀህ ዳንክ ማለት ነው? የተረፉት እኮ ተደብቀው ይራባሉ!"

"ታዲያ ሲሞት ቆሜ ልየው?"

"እጁን ይዘህ እኔ ጋ አታመጣውም ነበር?"

ሐኪሞቹ ሕክምናውን በመርፌ እንደገና ጀመሩለት፤ ግን አቅሙ አልቆ ነበር፣ የሳንባ ምችም ተጨመረበት። በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

ከቀብሩ ማግስት ጓደኛው ከስቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ ደጃፌ ላይ ቆመ። ክፉ ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"እታለም፣ ለኔ ብሎ ነው የሞተው። ምን ላድርግ?"

"ታከም" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ግማሽ መድኃኒት እሱንም አላዳነውም ነበር። አሁን ግን ተመርምሮ የራሱ ኪኒን ታዘዘለት፤ ሃያ ስምንቱንም ቀን እያንዳንዷን ኪኒን ዓይኔ እያየ ዋጠ። የመጨረሻዋን እንደዋጠ እንባው መጣ።

"ምነው እታለም፣ እሱንም እንዲህ አጠገቡ ቆመሽ ባስዋጥሽው" አለኝ።

አልተቀየምኩትም፤ እውነቱን ነው። እናንተም ቤታችሁ የታመመ ካለ "ወሰድክ?" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። አጠገቡ ቁጭ በሉና ሲውጥ እዩት። እኔ አላየሁም።