ልባሽ ነው፣ ታጥቧል

እግር የምትጸየፍ ጫማ ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ሱልጣና እባላለሁ፤ የአልዩ አምባ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን፣ በአጎቴ በዓወል ሱቅ የሩጫ ጫማና ልብስ ስሸጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ያላሸተትኩት የእግር ዓይነት የለም።

እግሩስ ይሁን። ባለቤቱ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ ካልሲህን ቀይር እለዋለሁ። የሚብሰው ቦንዳው ነው። ልባሽ ጫማ በቦንዳ ታስሮ ይመጣል፤ ገመዱ ሲቆረጥ የሚወጣውን ሽታ ለጠላቴም አልመኝም። የማላውቀው አገር ሰው፣ የማላውቀው ላብ! አንዱ ውስጥ የደረቀ ካልሲ፣ አንዱ ውስጥ ያገለገለ ፕላስተር ይገኛል። አንድ ቀንማ፣ አስተግፊሩላህ፣ የአውራ ጣት ጥፍር አገኘሁ። ሙሉ ጥፍር! ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። እናቴ ይህን በስልክ ስነግራት «ተይ ልጄ፣ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» አለችኝ።

የእናቴ ጭንቀት ሌላ ነው። ለትዳር የጠየቁኝን ሦስት ሰዎች መልሻለሁ። አንዱ ሲበላ ጣቱን እስከ አንጓው ይልሳል። ሁለተኛው፣ ሰው ፊት ተቀምጦ አፍንጫውን ይጎረጉራል። ሦስተኛው ንጹሕ ነበር፤ ግን ሲስቅ ምራቁ ይረጫል። «አንቺ የምትፈልጊው ባል አይደለም፤ የታጠበ ሳህን ነው» አለችኝ እናቴ። ሳህን ቢሆን ደግሞ ምን አለበት?

ሀምዳን የሚባል ደንበኛ መጀመሪያ ሱቃችን የመጣው ቦንዳ ስከፍት ነው። ሻርፔን አፍንጫዬ ላይ ጠምጥሜ፣ አንድ ጫማ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ዓይኔ እንባ አቅርሯል።

«ደህና ነሽ እህቴ?»

«ደህና አይደለሁም። ምን ፈለግህ?»

ፊቴን አይቶ ሳቀ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር፤ መሳቁ አናደደኝ። ቀጠን ያለ፣ ጠይም፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነው። ምራቁ አይረጭም፤ ልብ ብዬ አይቻለሁ።

«ጠዋት ጠዋት መሮጥ ጀምሬ ነበር፤ የሩጫ ጫማ ፈልጌ ነው» አለ። ጫማውን ሲያወልቅ ሁለት ካልሲ ደርቧል፤ ሁለቱም ወፍራም የጥጥ ካልሲ፣ ሁለቱም በላብ የረጠቡ።

«ኡፍ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ብርዱስ? እኔ የአረርቲ ሰው ነኝ፤ ሙቀት የለመድኩ። እዚህ አገር ጣቴ እግሬ ላይ መኖሩን የማውቀው ስቆጥረው ነው።»

ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ስህተት የማይሠራ የለም። ብርዱን ፈርቶ ካልሲ ደርቦ ጫማ ይለካል፤ «ጥብቅ አድርጎ ይያዘኝ» ይላል። ሜዳው ላይ ምንም አይለውም። ወደ ቆላ የወረደ ዕለት ግን እግሩ በሙቀት ያብጣል፣ ቁልቁለቱ ጣቱን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ጥፍሩ ጠቁሮ ይወልቃል። እኛ የቁልቁለት ልጆች ይህን ጡት ከጣልን ጀምሮ እናውቃለን።

«አንድ ካልሲ፣ ስስ፣ ጥጥ ያልሆነ» አልኩት። «ጥጥ ላብህን ይዞ ይቀመጣል፤ ከዚያ ውኃ መቋጠር ነው። ጫማ ስትገዛ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ና፤ ጠዋት የለካኸው ማታ ይጠብሃል። ከጣትህ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ቦታ ካልቀረ ያ ጫማ ያንተ አይደለም።»

«ወላሂ፣ ጎበዝ ነሽ» አለና ካልሲውን ብቻ ገዝቶ፣ ያንኑ ጠባብ አሮጌ ጫማውን አጥልቆ ሄደ።

በሳምንቱ መጣ፤ ኮፍያ። በሌላው ሳምንት መጣ፤ ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት። ከዚያ ቁምጣ። ከዚያ የጫማ ክር። ክር እኮ የትም ይገኛል! አንድ ቀን ደግሞ አንገቱን ደፍቶ፣ «ስሮጥ ማሊያው... እዚህ ጋ ያደማኛል» ብሎ ደረቱን አሳየኝ።

«ያ አላህ! እሱን ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ? ቫዝሊን ተቀባ!»

«ለማን ልንገር ታዲያ?»

እየሳቅኩ ዞርኩ። ሲያስጠላ! ግን ከሄደ በኋላ ሐሙስ እስኪመጣ ቀን መቁጠሬን ራሴ ታዘብኩት። ሐሙስ ነበር የሚመጣው።

ሥራው ላብራቶሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሰገራና ሽንት ሲመረምር ይውላል። ይህን የነገረኝ ቀን ከቆምኩበት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«አይቀፍህም?»

«ሰገራ ምን አደረገኝ? ያለውን ነው የሚናገረው። ትል ካለ፣ ትል አለ ይልሻል።» ከዚያ ፊቱ ከበድ አለ። «አንድ ጊዜ ግን ሊያስመልሰኝ ነበር። በፊት በሠራሁበት ክሊኒክ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማይክሮስኮፑን ሳያይ ‹ነጻ› ብሎ ይጽፍ ነበር። የሕፃን ምርመራ ነው። እናትየዋ አመስግናው፣ መርቃው ስትሄድ አየሁ። ምሳዬን እዚያው ትቼው ወጣሁ።»

አጎቴ ጓዳ ሆነው ማስቲሽ እየቀቡ ነበር፤ ሽታው እስከ እኛ ይመጣል።

የአጎቴን ነገር ልንገራችሁ። ከልባሹ ደህና ደህናውን ይመርጣሉ፤ እኔ አጥባለሁ። እሳቸው የላላውን ሶል በማስቲሽ ይለጥፋሉ፣ አዲስ ክር ያስገባሉ፣ ካርቶን ውስጥ ይከቱና «ኦሪጅናል፣ አዲስ» ይላሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔንም እናቴንም ያኖሩን እሳቸው ናቸው። አፌን የዘጋሁት ለዚህ ነው። ገዢ ሲጠይቀኝም ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ «አዲስ ነው» እል ነበር።

በጥር ወር አንድ ሐሙስ ሀምዳን እየፈነደቀ ገባ። የአካባቢው ወጣቶች የጤና ሩጫ አዘጋጅተዋል፤ ከአንኮበር ቁልቁል እስከ አልዩ አምባ።

«አሁን ጫማ እገዛለሁ» አለ። «ከሰዓት በኋላ ነው የመጣሁት፣ ካልሲዬም አንድ ነው። እዪ በይ!»

ከመነሣቴ በፊት አጎቴ ካርቶን ይዘው ብቅ አሉ። ጫማውን አወቅኩት። ሳጥበው ሶሉ እጄ ላይ ቀርቷል። ሜዳ ላይ ምናልባት ወር ይቆያል። የአንኮበር ድንጋይ ላይ ግን ሰው ይጥላል።

«አዲስ ነው ልጄ፤ ትናንት የገባ» አሉ።

ሀምዳን አጎቴን አላያቸውም። እኔን አየኝ።

«አዲስ ነው?»

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወላሂ በይ» ቢለኝ ኖሮ አልልም ነበር። አላለኝም፤ አምኖኛል።

«አዲስ ነው» አልኩ።

ጫማውን ገዝቶ በር ላይ ሲደርስ ዞረ። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ «ሩጫው የሚያልቀው እናንተ አገር ነው አይደል? ስጨርስ... እናትሽን ሰላም ብላት ቅር ይልሻል?» አለኝ።

እናቴን! ሳላስብ መልሱ ከአፌ ወጣ። «ቅር አይለኝም።»

ከዚያ በኋላ ምግብ አስጠላኝ። ውኃ አስጠላኝ። እጄን በሳሙና እየደጋገምኩ ታጠብኩ፤ ሽታው አልለቅ አለ። በሕይወቴ ብዙ ነገር ተጸይፌአለሁ፤ ራሴን ስጸየፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ብነግረው አጣዋለሁ። ባልነግረው ያ ሰው ተሰብሮ እናቴ ደጅ ይደርሳል፣ እናቴም «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» ትለዋለች፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ እስቃለሁ። ይሄኛው ይበልጥ አቅለሸለሸኝ።

በሩጫው ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ አንኮበር ሄድኩ። በፌስታል አንድ ጫማ ይዣለሁ፤ ልባሽ ነው፣ ሶሉ ባለ ጥርስ፣ ስፌቱ ያልተነካ፣ ሦስት ጊዜ አጥቤ ፀሐይ ያሰጣሁት። ጉሙ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሯጭ መካከል፣ ሀምዳንን ሲዘል፣ ሲንጠራራ አገኘሁት። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ልትሸኚኝ መጣሽ?»

«ያን ጫማ አውልቅ።»

«ምን?»

«አዲስ አይደለም። ልባሽ ነው። ሶሉ ተገንጥሎ በማስቲሽ የተለጠፈ ነው። ያጠብኩት እኔ ነኝ። እያወቅኩ ነው አዲስ ነው ያልኩህ።» ፌስታሉን ዘረጋሁለት። «ይሄም ልባሽ ነው፤ ግን ጤነኛ ነው። ይሄን አድርግ።»

ፌስታሉን አልተቀበለኝም። ፊቱን አየሁት። አፍንጫው ተሰብስቧል፣ ከንፈሩ ወደ ታች ወርዷል። ቦንዳ ስከፍት የማሳየው ፊት ነው። ሰገራ የማይቀፈው ሰው ተጸየፈኝ።

«ስንቱን ነው እንዲህ ያልሽው?»

«አልቆጠርኩም።»

«እኔ እኮ ያመንኩት ያን ፊትሽን ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «መጀመሪያ ቀን እንዲያ ስትጸየፊ ሳይሽ፣ ይቺ የተሰማትን መደበቅ አትችልም ብዬ ነበር።»

ጫማውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ከቦርሳው ያንን ጠባብ አሮጌውን አውጥቶ አጠለቀ። ጥፍሩን እንደሚያሳጣው አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። ፊሽካው ተነፋ፣ ወረደ። እኔ ሁለት ጫማ ታቅፌ ቀረሁ። ያን ቀን እናቴን ሰላም ያላት ሰው የለም።

በማግስቱ ለአጎቴ «ከእንግዲህ አዲስ ነው አልልም» አልኳቸው።

«ንግዴን ልታረክሺው ነው? እኔ ማንን ገደልኩ? ሁሉም ሰው ልባሽ መሆኑን ልቡ ያውቃል!»

«ካወቀ እንንገረዋ።»

«ውጪ!» አሉኝ። ወጣሁ። አለቀስኩ። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የማስቲሹን ሽታ በመገላገሌ ደስ አለኝ።

እናቴ ጉትቻዋን ሸጣልኝ ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ተከራየሁ። በር ላይ በቀለም የጻፍኩበት ሰሌዳ ሰቀልኩ፦ «ልባሽ ነው፣ ታጥቧል።» ጉድ ፈላ! ከተማው ሁሉ ልባሽ ይለብሳል፤ የሚጸየፈው ሲነገረው ነው። አንዷ ሴትዮ ለልጇ የመረጠችውን ጫማ ከእጇ ጣለችው። «ምነው ልጄ፣ ማን ጠየቀሽ? ዝም ብትይ አልገዛም ነበር?» ተቆጥታ ሄደች። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ዘርአ ዳዊት በየቀኑ በሩ ላይ ቆሞ ይመክረኛል። «እህቴ፣ ያቺን ሰሌዳ አውርጃት፤ በረሃብ ትሞቻለሽ።»

«ልሙት» እለዋለሁ።

አልሞትኩም። ቀስ በቀስ ሯጮች መምጣት ጀመሩ። የቱ ጫማ ለአስፋልት፣ የቱ ለድንጋይ እንደሚሆን እነግራቸዋለሁ፤ የተበላሸውንም ተበላሽቷል እላለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ግን በሩን ሳይ እውላለሁ። ሁለት ወር አየሁ። እሱ አልመጣም።

በሦስተኛው ወር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ጥላ በሩን ዘጋው፤ ሀምዳን ነው።

ሰሌዳውን ቆሞ አነበበ። ከዚያ ገብቶ ዱካው ላይ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አወለቀ። ሁለት አውራ ጣቶቹ ላይ ጥፍር የለም፤ አዲሱ ገና ከሥር እየበቀለ ነው።

«ሥራ ቦታ የሁሉም ወሬ አንቺ ነሽ» አለ። «‹ያቺ ታጥቧል የምትለዋ› ይሉሻል።»

«ስቀህብኝ ይሆናል።»

«ስቄያለሁ። ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። እውነቱን ልትነግሪኝ ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ እኔ ቁልቁል ሮጥኩ።» እግሩን አየ። «ለቁልቁለት የሚሆን አለሽ?»

ያ ባለ ጥርሱ ጫማ መደርደሪያው ላይ ነበር። ብዙ ሰው ጠይቆኝ «ተይዟል» ብያለሁ። አወረድኩት።

«አዲስ ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ሳቅም ፍርሃትም አለ።

«አይደለም። በፊት ያደረገው ሰው በቀኝ እግሩ ያዘነብል ነበር፤ ተረከዙን እየው፣ በልቶታል። ትንሽ ይጎረብጥሃል። የቀረው ደህና ነው። ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ... አሁን አራት ሆኗል፤ ባለፈው ሳምንት ደገምኩት።»

አደረገው። ክሩን አሰረ። እኔ ተንበርክኬ፣ አውራ ጣቴን በጫማው አፍንጫ ላይ አድርጌ ተጫንኩ። ቦታው ልክ ነው።

«እሑድ እናትሽ ቤት ትኖራለች?»

«ትኖራለች።»

«ብቻዬን እሮጣለሁ። ከአንኮበር። አባቴና ሁለት ሽማግሌዎች በመኪና ይከተሉኛል። ከመለስሻቸው ግን ወደ ላይ የሚሮጡት እነሱ ናቸው።»

እንባዬ መጣ፤ ለመደበቅ አቀርቅሬ ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው ያወለቀው ካልሲ አጠገቤ መሆኑን አፍንጫዬ የነገረኝ። ያ አላህ! እንደገና ሁለት ካልሲ ደርቦ መጥቷል!

«ሸተተሽ?» አለ ፈራ ተባ እያለ።

«ወላሂ፣ ይሸታል» አልኩት። «ያቅለሸልሻል።»

አቅለሸለሸኝም። እጄን ግን ከጫማው ላይ አላነሳሁም።