የመምህር ሳንባ የመጨረሻ ሲጋራ

የባዮሎጂ መምህሩ ሬሳ የተገኘው ከቤተ ሙከራው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በሚያወርደው የሲሚንቶ ደረጃ ግርጌ ነበር። ገና ማለዳ ነው፤ ተማሪዎቹ አልተሰለፉም። ከቀኝ እጁ ጣቶች አጠገብ አንድ ሲጋራ ነዶ አልቆ ተጋድሟል።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኢንስፔክተሯን እየመራ አምጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሞተ አይወቀስም፤ ግን ይታይዎት። ትምህርት ቤቱን ሙሉ ‹አታጭሱ› ሲል ከርሞ፣ ራሱ ተደብቆ ሲያጨስ አዳልጦት ሞተ። ወሬው ሳይወጣ ብንቀብረው አይሻልም?»

«ወሬው እኮ ወጥቷል» አለች። በር ላይ ተቃቅፈው የሚያለቅሱ ተማሪዎችን አልፋ ነው የገባችው።

ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ናት፣ የገባችበትንም ሳትወጋ አትወጣም። ጎንበስ ብላ ሲጋራውን አየችው። ሴቶች የሚመርጡት ቀጭኑ ዓይነት ነው። አመዱ እንደ ሕፃን ጣት ረዝሞ፣ ሳይሰበር ከነቅርጹ ተጋድሟል። ፊልተሩ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። የሟቹን ኪስ ፈተሸች፤ ጠመኔና ቁልፍ እንጂ ክብሪትም ላይተርም የለም። ቀና ስትል ከምክትሉ አፍ የሚንት ከረሜላ ሽታ አወዳት። የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ቢጫ ነው።

«እርስዎ ያጨሳሉ» አለችው።

ደነገጠ። «ለማንም እንዳይነግሩብኝ። እሱ እንኳ ደርሶብኝ ዝም ብሎኛል። የርዕሰ መምህርነቱን ወንበር ለእሱ ሊሰጡት ነበር፤ አልደብቅዎትም፣ አንጀቴ አሮ ነበር። ግን ሰው አልገድልም።»

ሟቹን ተማሪዎቹ «መምህር ሳንባ» ነበር የሚሉት። ከፕላስቲክ ጠርሙስና ከጥጥ ሳንባ ሠርቶ፣ አፉ ላይ ሲጋራ ሰክቶ፣ ጠርሙሱን ጨመቅ ለቀቅ ያደርገዋል። ጥጡ ሲጠቁር፣ «ይሄ እኔ ነበርኩ» ይላቸዋል። ድሮ እሱም ሲያጨስ ሳለ አንዱ ተማሪ «መምህር፣ ታዲያ እርስዎስ?» ብሎ ቢጠይቀው ነው አፍሮ ማጨሱን የተወው። ሲያጨስ የተያዘን ልጅ አያስባርርም፤ በዕረፍት ሰዓት ቤተ ሙከራው ውስጥ አስቀምጦ፣ አምሮቱ እስኪያልፍለት ያወራዋል። ብዙዎቹ በዚህ ተዉ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ኢንስፔክተሯ ስትገባ የጀመረችውን ቀሚስ እንደታቀፈች ተቀምጣለች።

«ከቤት ሲወጣ ደህና ነበር» አለች። «ለእኔ ያጣውን ጊዜ ለእነሱ ያገኝ ነበር። ‹መምህር፣ አማረኝ› ብለው ሲደውሉለት ማዕድ ትቶ ይነሳል። በሰው ልጆች ቀናሁ፣ እህቴ! ይህን ለማን ይነግሩታል?»

«ድሮ ሲያጨስ ሲጋራውን ማን ነበር የሚለኩስለት?»

ሴትዮዋ በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «እኔው ነኛ። አፌ ላይ አድርጌ፣ ሳብ አድርጌ እሰጠው ነበር።»

ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ኪዮስክ ያላት ባልቴት ደግሞ ሳል እያጣደፋት ተቀበለቻት።

«ድሮ ልጆቹ በዕረፍት እኔን ነበር የሚከቡኝ። ‹እማዬ› ይሉኝ ነበር። ያ ሰውዬ መጥቶ ወሰዳቸው! ቀናሁ፤ ታዲያ በዚህ ጉልበቴ ደረጃ ወጥቼ ልግፋው?»

«ቀጭኑን ሲጋራ ከአንቺ ማን ይገዛል?»

«አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። የስፖርት አሰልጣኙ ልጅ። እሷም ከተወች ሰነበተች።»

ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ለብቻዋ ግንብ ተደግፋ፣ ዓይኗ ቀልቶ አገኘቻት።

«ለአባቴ እንዳትነግሪው» አለች ገና ሳትጠየቅ። «አጨስ ነበር። መምህር ናቸው ያስተዉኝ። የቀረችኝን ፓኮ ዛሬ ላስረክባቸው ቃል ገብቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ስፈልጋት የለችም።»

«እውነቱን ነው የምትነግሪኝ?»

«የሞቱት እኮ መምህር ናቸው!» አለች ልጅቷ። ለእሷ ይህ በቂ መልስ ነበር።

አሰልጣኙ ኳስ በመረብ አንጠልጥሎ ከሜዳ መጣ። ደረቱ ሰፊ፣ አካሄዱ ወታደራዊ ነው።

«ፀረ ሲጋራ ክበቡን ያቋቋምኩት እኔ ነኝ!» አለ። «ቦርሳ ፈትሼ፣ የተያዘውን አስባርሬ፣ ማን አጨበጨበልኝ? እሱ መጣ፣ አባበላቸው፣ ጭብጨባው ለእሱ ሆነ። እኔ ሲጋራ ከንፈሬን ነክቶኝ አያውቅም። እሱ ግን ያው አጫሽ ነው፤ ይኸው ሬሳው መሰከረበት።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ሜዳ ላይ፣ ብቻዬን።»

ከሰዓት በኋላ አምስቱንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ የሟቹን የጠርሙስ ሳንባና ሁለት ሲጋራ አስቀምጣለች። አንዱን ጠርሙሱ ላይ ሰክታ ለኮሰችና ጨመቅ ለቀቅ አደረገችው። ሌላኛውን ጫፉን ነበልባል ላይ አቆይታ አቀጣጠለችና ሳህን ላይ አጋደመችው። ሁለቱም ነደው እስኪያልቁ ጠበቀች።

«እዩት» አለች። «የተሳበው ፊልተሩ ቡናማ ሆኗል። ያልተሳበው ነጭ ነው። መምህሩ አጠገብ የተገኘውም ነጭ ነው። እሱን ማንም አላጨሰውም።»

«ታዲያ እጁ አጠገብ ምን ሊያደርግ ተገኘ?» አለ ምክትሉ።

«ከዚያ ሁሉ ደረጃ ከሰው ጋር የተንከባለለ ሲጋራ አመዱ ይራገፋል። የዚህ አልተራገፈም። መምህሩ ከወደቀ በኋላ ተለኩሶ፣ ቀስ ብሎ ነው የተቀመጠው። ገዳዩን የመምህሩ ነፍስ አልበቃችውም፤ ስሙንም ሊያጠፋ ፈለገ።» ዓይኗን በየተራ አሳረፈችባቸው። «ቅናትን ተከትዬ የትም አልደረስኩም፤ ከልጅቷ በቀር ሁላችሁም ቀንታችኋል። የለየልኝ አለኳኮሱ ነው። የሚያጨስ ሰው ሲጋራ ሲለኩስ ሳያስበው ይስባል። ምክትሉ ያጨሳሉ። ባለ ኪዮስኳም እንደምታጨስ ሳሏ ይመሰክራል። ባለቤቱ በአፏ ለኩሳ ስትሰጠው ኖራለች። ልጅቷም አጭሳለች። ሲጋራ ሲነድ ከሩቅ እንጂ ከቅርብ የማያውቅ፣ ፊልተሩ እንደሚያሳጣው ያልጠረጠረ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ አሰልጣኙ ዞሩ።

«እኔ ላይ ነው?» አለ። «ንጹሑ እኔ ላይ?»

«ሲጋራው የልጅዎ ነው። ከቦርሳዋ የጠፋው ደግሞ እቤትዎ ነው። ቦርሳ መፈተሽ የማን ልማድ እንደሆነ ራስዎ ነግረውኛል።»

ልጅቷ አባቷን አየችው። «አባዬ?»

ያ ሰፊ ደረት እንደተነፈሰ ኳስ ሟሸሸ።

«ላነጋግረው ነው የሄድኩት» አለ። «‹ልጄ ታጨሳለች› አልኩት። ‹አውቃለሁ፣ ከነገረችኝ ቆይታለች› አለኝ። አውቃለሁ! ‹ታገሣት፣ እየተወች ነው፣ አንተን ፈርታ ነው የደበቀችህ› ሲለኝ... አባቷ እኔ ነኝ! ለእኔ ደብቃ ለእሱ ነገረች። ገፈተርኩት። ሲወድቅ አየሁት። ከዚያ ፓኮዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች፣ ክብሪት ደግሞ ቤተ ሙከራው ውስጥ አገኘሁ... ልጆቹ አንድ ቀን እንኳ እንዲንቁት ፈለግሁ።»

«ብነግርህ ምን ታደርገኝ ነበር?» አለች ልጅቷ።

አሰልጣኙ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ። ኢንስፔክተሯ ክንዱን ይዛ ወጣች።

መኪናው አሰልጣኙን ጭኖ ከሄደ በኋላ ግቢው ጭር አለ። ልጅቷ ቤተ ሙከራው በር ላይ ቁጢጥ ብላ፣ ጣቶቿን እርስ በርስ ታሻሻለች። ኢንስፔክተሯ ልትጠጋት ስትል የሟቹ ሚስት ቀደመቻት። ቆማ አየቻት፤ ባሏን የገደለባት ሰው ልጅ ናት።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት።

«አማረኝ» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል። «ዛሬ ለማን ልንገር?»

«ሲያምርሽ እሱ ምን ያደርግልሽ ነበር?»

«ምንም። እስኪያልፍልኝ ያወራኝ ነበር።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች። «እኔ ወሬ አላውቅበትም» አለች። «አንቺ አውሪኝ።»