ኮርቻው ከቦይ ተገኘ

ማክሰኞ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ምክትል ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ቦልሃውስ የድምፅ ማጉያውን ከፈቱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ የብስክሌት ኮርቻ መጥፋቱን ለመላው ትምህርት ቤት አስታወቁ።

«ቡናማ ነው። የቆዳ» አሉና ዝም አሉ። ዝምታው የኅሊና ጸሎት ይመስል ነበር።

«ነፍሱን ይማር!» አለ ኦኖ ከኋላ ወንበር።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሜና ብቻ አልሳቀችም። ሟቹ የሷ ነበር።

በሆላንዷ የግሮኒንገን ከተማ ለጠፋ ኮርቻ እንዲህ ዓይነት ክብር አይሰጥም። የተሰረቀበት ሰው ግራ ቀኝ አይቶ ከጎን ያለውን ነቅሎ ይሄዳል፤ የዚያኛውም ባለቤት ከቀጣዩ። ኮርቻው ሁሉ እንደ ዕቁብ ሲዞር ይኖራል። ብትጠይቁ አንድም ሌባ የለም፤ ከተማው በሙሉ ተሰራቂ ነው።

የሜና ግን ይለያል። የዕረፍቱን ወራት ሱፐርማርኬት ውስጥ መደርደሪያ ስትሞላ ከርማ የገዛችው ነው። እንዲህ ያለው ኮርቻ ስፖንጅ የለውም፤ ወፍራም ቆዳ ከፊትና ከኋላ ብረት ላይ እንደ ከበሮ ይወጠራል፣ አለቀ። መጀመሪያ ላይ ድንጋይ ነው። ወራት ካለፉ በኋላ የተቀመጠበትን ሰው አጥንት እየተከተለ ይጎደጉድና ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሰው እሺ አይልም። ሜና እዚያ እስክትደርስ ቂጧ ያየውን መከራ ለማንም አልተናገረችም።

የገጠመላት ቲያርክ ነው።

«ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ» ብሏት ነበር ያን ቀን፣ መፍቻውን ጥርሱ ላይ ነክሶ። «ወደ ታች ግፊው። ጉልበትሽ ቀጥ አለ? በቃ፣ ቁመቱ ልክ ነው። አፍንጫውን ትንሽ ቀና አደርገዋለሁ፤ ካዘነበለ ወደፊት እየተንሸራተትሽ እጅሽ ይደነዝዛል። እና ስሚ፣ ይሄን በጣት የሚከፈት ማጥበቂያ አውጪና በመፍቻ የሚጠብቅ ብሎን አስገቢበት። እንዲህ ሆኖ ሕፃንም ይነቅለዋል።»

«እሺ አለቃ» አለች። አላስገባችም።

ቲያርክ የሰፈራቸው ልጅ ነው። እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ከሜና፣ ከጓደኛዋ ከዊያና ከኦኖ ጋር አንድ ክፍል ነበር። ከዚያ ፈተናው መጣና እነሱን ወደ ቀለም ትምህርት፣ እሱን ከግቢው ማዶ ወዳለው የሙያ ትምህርት ቤት ላካቸው። የብስክሌት ማቆሚያው ግን ለሁለቱም አንድ ነው፤ መንገዱም አንድ ነው። ጠዋት ጠዋት እነሱ ተራ በተራ ከፊት እየሆኑ ነፋሱን ሲከላከሉ፣ ቲያርክ ትንሽ ራቅ ብሎ ብቻውን ይከተላል። አትምጣ ያለው የለም። ና ያለውም የለም።

መልአክ እንዳይመስላችሁ። አራተኛ ክፍል ሳሉ የኦኖን ጎማ መንፊያ ሰርቆ ለራሱ ለኦኖ ሊሸጥለት ሞክሯል።

ስለዚህ ሰኞ ከሰዓት ሜና በዝናብ ውስጥ የኮርቻው ዘንግ ይገባበት የነበረው ባዶ ቀዳዳ ላይ አፍጥጣ ስትጮህ፣ ብስክሌቷ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቃት የነበረችው የልብ ጓደኛዋ ዊያ «ቲያርክን አይቼዋለሁ፤ መፍቻ ይዞ እዚህ ሲያንዣብብ» ስትል ማንም «እውነት?» ብሎ አልጠየቀም። እስከ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ወሬው ግቢውን ተሻግሮ፣ ቲያርክ የተግባር ልምምድ የሚሠራበት የብስክሌት ሱቅ ደረሰ።

በማግስቱ ቲያርክ መንገድ ላይ ደረሰባት። ሜና የምትነዳው አባቷ ቤት ውስጥ ካለው የማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት ነቅሎ የገጠመላትን ሰፊ ኮርቻ ነበር፤ ኦኖ «ሶፋው» ብሎ ስም አውጥቶለታል።

«ሰርቄሻለሁ?» አላት።

«እኔ እንደሱ አላልኩም።»

«አልሰረቀም ስትይም አልሰማሁሽ።»

ሜና ፔዳሉን ረገጠች።

«ባለሱቁ ማን እንደወሰደው ሲታወቅ ና አለኝ» አለ ከኋላዋ። «ልምምዱን ካልጨረስኩ ዓመቱን እደግማለሁ። ዓርብ እናቴን ትምህርት ቤታችሁ ጠርተዋታል። ብቻ ሶፋሽ ይመችሽ!»

የዚያኑ ቀን ዊያ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ቁርጭምጭሚቷን ወለም አላት። እናቷ በትንሿ መኪናቸው መጥታ ልጇን ደግፋ አስገባችና ብስክሌቱን አየች።

«ይሄ እዚህ አይገባም። ሜናዬ፣ አንቺ ንጂልን፤ ኦኖ ያንቺን በእጁ እየጎተተ ያመጣዋል።»

«ተይው እማ! እዚሁ ይደር» አለች ዊያ። ፊቷ ቀልቷል።

«ይደርና ያንቺም ኮርቻ ይሰረቅ? ደግሞ ያ ልጅ እያለ!»

መኪናው ሄደ። ሜና የዊያን ብስክሌት አወጣች። ከፊቱ ቢጫ የፕላስቲክ ሳጥን አለው፤ ኮርቻው ደግሞ ባንክ በነፃ የሚያድለውን ሰማያዊ የዝናብ መከላከያ ለብሷል። እግሯን አሻግራ ተቀመጠች።

ሁለቱ አጥንቶቿ ሁለቱን ጎድጓዶች አገኙ።

ሰው በጨለማ ገብቶ እንኳ የራሱን አልጋ ያውቃል። ሜና ምንም አላየችም፤ ሰውነቷ ግን ከአእምሮዋ ቀድሞ አወቀ። ኦኖ በአንድ እጁ ሶፋውን እየጎተተ ነፋሱን አሸንፎ ስለ እግር ኳስ ያወራል። እሷ «እህ፣ እህ» ትላለች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ የጫማዬ ክር ተፈታ ብላ ወረደች፤ ሰማያዊውን ከዳር ገለጥ አደረገችው። ቡናማ ነው። የቆዳ። መልሳ ሸፈነችው።

«ምነው?» አለ ኦኖ።

«ምንም። ነፋሱ ነው።»

ብስክሌቱን ራሷ ቤት አቆመችና በእግሯ ወደ እነዊያ ሄደች። ዊያ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኝታለች። ሜና በሩን ዘጋች።

«መፍቻ ይዞ አልሽ» አለች። «የኔ እኮ መፍቻ አይፈልግም።»

ዊያ ጣሪያውን አየች።

«የኔ ተሰርቆ ነበር» አለች። «ሰኞ ቀድሜ ወጣሁ፣ ኮርቻዬ የለም። ዝናብ ነው። ሁሉም ብስክሌት ጥቁር ነው፣ ያንቺም በፌስታል ተሸፍኗል። የመጀመሪያውን ነካሁ፣ ተከፈተ። ያንቺ መሆኑን ያወቅኩት ስትጮኺ ነው። ወላሂ... እውነቴን ነው ሜና።»

«ያኔስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሁሉም ቆሞ እያየኝ?»

«ቲያርክንስ?»

«አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።» ዊያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ደግሞ እሱ ለምዶታል።»

ሜና ጓደኛዋን አየቻት። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የምታውቀው ፊት ነው። ያንን ፊት ለመጥላት ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

ቤት ስትደርስ ለአባቷ ነገረችው። አባቷ አዳመጠ፤ አገጩን አሸ፤ ከዚያ ስልኩን አነሳና ለዊያ አባት ለውቦ ደወለ። ውቦ በየዓመቱ የሣር ማጨጃውን የሚያውሳቸው ጎረቤት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉት ነገር በነሜና ወጥ ቤት ተፈጸመ፤ ሁለቱ አባቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ቢራ ከፍተው፣ ኮርቻው ከቦይ እንዲገኝ ወሰኑ።

«ማንም አይጎዳም» አለ ውቦ። «ኮርቻው ተገኘ፣ ነገሩ ተዘጋ። ልጆች ናቸው፤ በአንድ ስህተት ስማቸው አይበላሽ።»

«ቲያርክም ልጅ ነው» አለች ሜና። «ባለሱቁ ማን እንደወሰደው ሲታወቅ ነው ና ያለው።»

«ይረሳል» አለ አባቷ ወደ መስኮቱ እያየ። «ሰው ይረሳል፣ ልጄ።»

ውቦ ኮርቻውን ከዊያ ብስክሌት ነቅሎ ይዞት ሄደ፤ ብስክሌቱ እነሜና ቤት ቀረ። ሐሙስ ማታ በፌስታል መለሰው። ሜና ከፍታ አየችው። ቆዳው አብጧል፤ ጥቁር ሆኗል፤ መሐሉ እንደ ረጠበ ካርቶን ረግቧል፤ ከሥሩ ያለው ሽቦ ላይ የቦይ ሣር ተጠምጥሟል።

«ምን አደረጉት?»

«ቦይ ውስጥ አሳደርኩት» አለ ውቦ፣ በሥራው ጥራት የኮራ ሰው ድምፅ ነበረው። «ደረቅ ሆኖ ማን ያምነናል? አይዞሽ፣ ሌላ ትገዢያለሽ። ይልቅ ያን ሰፊውን ኮርቻ ነገ ጠዋት ለዊያ ብስክሌት ግጠሚበትና በራችን ላይ አቁሚልን። ባዶውን ያየ ሰው ይጠይቃል።»

ሜና በጣቷ ቆዳውን ጫን አደረገችው። ጎድጓዶቹ የሉም። ጣቷ የገባበት እንደገባ ቀረ።

ዓርብ ጠዋት አባቷ የመኪናውን ቁልፍ እያንቃጨለ ጠራት።

«በብስክሌት እመጣለሁ» አለች።

«በዚህ ነፋስ?»

«በዚህ ነፋስ።»

ስብሰባው በወይዘሮ ቦልሃውስ ቢሮ ነበር። ቲያርክና እናቱ በአንድ በኩል ተቀምጠዋል፤ እናቱ ካፖርቷን አላወለቀችም። ሁለቱ አባቶችና ክራንች የያዘችው ዊያ በሌላው በኩል ናቸው። ሜና ዘግይታ፣ ጆሮዋ በብርድ ቀልቶ ገባች። ኮርቻው ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎለት ውኃ ያንጠባጥባል።

«እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ቦልሃውስ እጃቸውን አጣምረው፣ «በአቶ ውቦ ትጋት ኮርቻው ከቦይ ተገኝቷል። ለሁላችንም ትልቅ እፎይታ ነው።»

አባቶቹ እፎይ አሉ።

«ማን ጣለው?» አለ ቲያርክ።

«ይህ የሚታወቅ አይመስለኝም። ዋናው ነገር ማንም አልተከሰሰም።»

«ታዲያ ለባለሱቁ ምን ልበለው? ማንም አልሰረቀውም፣ ራሱ ዋኝቶ ሄደ ልበለው?»

«ቲያርክ!» አለች እናቱ በቀስታ።

«ዊያ አይታኝ ነበር አይደል? ትንገረና!»

ዊያ የክራንቿን ጎማ ወለሉ ላይ አሸች። ውቦ «ልጄ፣ የተሳሳተች ሊሆን ይችላል፤ ዝናብ ነበር» አለ በደግ ድምፅ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ዝናብ መሆኑን የሚክድ አልነበረም።

«ሜና፣ ንብረቱ ያንቺ ነው» አሉ ወይዘሮ ቦልሃውስ። «የምትጨምሪው አለ?»

አባቷ አየት አደረጋት። ሜና ተነሳች።

«የለኝም» አለች። «መጋረጃውን ልክፈተው? ጨልሟል።»

መልስ ሳትጠብቅ ገመዱን ሳበችው።

መስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከመደዳው ሁሉ ቀድመው ሁለት ጥቁር ብስክሌቶች ቆመዋል። አንደኛው ሶፋውን ተሸክሟል። ሌላኛው፣ ሜና መንገዱን ሙሉ በእጇ እየጎተተች ያመጣችው፣ ከፊቱ ቢጫ ሳጥን አለው፤ ኮርቻ ግን የለውም። ሰማያዊው የባንክ መከላከያ መሪው ላይ ታስሮ በነፋሱ ይርገበገባል።

ሜና ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

«ያ ደግሞ የማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ቦልሃውስ። «የሱም ተሰረቀ?»

ውቦ ጫማውን አየ። የሜና አባት ኮርቻው ሥር የተነጠፈውን ጋዜጣ ማንበብ ጀመረ፤ የዓምናው ነበር። ቲያርክ መስኮቱን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ እንደገና መስኮቱን አየ።

«የኔ ነው» አለች ዊያ።