አባባ ያልቆረጡት ጨርቅ

ቁንጫ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤት ውስጥ እንዲህ የሚሏት አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ነው። ከእናንተም መካከል እንደ እሷ ያሉ አሉ፤ አሁን እንኳ እግሩን የሚያወዛውዝ ልጅ ይታየኛል! የምትኖረው ከእናቷና ከአያቷ ጋር ነው። አባባ የምትላቸው አያቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። የሚሰፉትም በሩ ወደ መንገድ በሚከፈተው የፊት ክፍል ውስጥ ነው።

አባባ ድሮ ብዙ ይጠጡ ነበር። ይህን የምነግራችሁ እሳቸውን ለማማት አይደለም። ደጉ አባባ በመጠጥ ምክንያት ነገረኛ ሆኑ። ከደንበኛ ጋር ይጣላሉ። ሁለት የግራ እጅጌ ይቆርጡና "ቀኙን ማን ወሰደው?" ብለው ይጮኻሉ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም መርምራ፣ "መጠጡ አእምሮዎን ከዕድሜዎ በላይ አስረጅቶታል። ከተዉት ግን ቀስ በቀስ ይሻልዎታል" አለቻቸው።

አባባም ተዉት። ይኸው ዓመት ሞላቸው። ቁጣቸው በረደ፤ መርሳቱ ግን ጨርሶ አልለቀቃቸውም። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጁ። ጨርቅ በቆረጡ ቁጥር ወዲያው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። "ጭንቅላቴ ቢከዳኝ ደብተሬ አይከዳኝም" ይላሉ።

አንድ ቀን አባባ ምሳ ሊበሉ ወደ ጓዳ ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተዘርግቷል። የአንዲት ነርስ ካፖርት ሊሆን ነው። ቁንጫ ጨርቁን ዳሰሰችው። "ለአሻንጉሊቴ ቀሚስ፣ ትንሽ ብቻ" አለች በልቧ። መቀሱን አነሣች። ቀጭ! ትንሽ ያለችው ትልቅ ሆነ።

አባባ ተመልሰው ሲለኩ ጨርቁ አጠረባቸው።

"ይሄን ማነው የቆረጠው?"

ቁንጫ ቁራጩን ከኋላዋ ደበቀች። "እርስዎ ነዎት እኮ አባባ። ረስተውት ነው።"

እንዴት እንደቀለላት አያችሁ? የሚረሳ ሰው አይከራከርማ!

አባባ ደብተሩን ገለጡ። ምንም አልተጻፈም። "መጻፉንም ረሳሁት ማለት ነው" አሉ በቀስታ። የስፌት መኪናውን ሸፈኑና ኮታቸውን ለበሱ።

"ወዴት ነው አባባ?"

"ወደ መጠጥ ቤቱ። ዓመት ሙሉ ታግዬ ካልተሻለኝ ምን ዋጋ አለው ልጄ? ብጠጣም ባልጠጣም ያው ነኝ።"

ወጥተው ሄዱ። ቁንጫ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ብትናገር መቀጣቷ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። እግዚአብሔር ግን ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። አባባ መንገዱን ተሻግረው የመጠጥ ቤቱን በር ሊገፉ ሲሉ ሮጣ ኮታቸውን ያዘች።

"እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የቆረጥኩት! ዋሽቼዎት ነው!"

አባባ ዞሩ። ቁንጫ ቁጣ ጠብቃ ዓይኗን ጨፈነች።

"እኔ አልቆረጥኩም?"

"አልቆረጡም።"

"አልረሳሁም?"

"አልረሱም አባባ። ምንም አልረሱም።"

አባባ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው አለቀሱ። እሷም አጠገባቸው ቁጭ ብላ አለቀሰች። በጣም አዘነች፤ አፈረችም።

"ጨርቅ ይተካል" አሉ አባባ ፊታቸውን እየጠረጉ። "አእምሮዬን ግን በስንት መከራ ነው የምመልሰው። ሁለተኛ በሱ እንዳትጫወቺ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅር ብዬሻለሁ። ለነርሷ ግን ራስሽ ትነግሪያታለሽ።"

ነገረቻት፤ አንዲት ነገር ሳትደብቅ። ነርሷ ቁንጫን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ወደ አባባ ዞራ፣ "አጭር ካፖርት ይስፉልኝ። እርስዎ ከሰፉት ይሆነኛል" አለቻቸው። አባባ በዚያን ቀን እያንጎራጎሩ ዋሉ።

ልጆቼ፣ መጠጥ የሰውን አእምሮ ያለ ጊዜው ያስረጃል፤ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገለውን ሰው ግን በውሸት አናድክመው፣ እውነት በመናገር እንደግፈው።