መብራቱን የያዘችው

ኑማ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ቦታው ለሁላችን ይበቃል። የዊዳድን ነገር ላጫውታችሁ ነውና ጆሯችሁን አውሱኝ።

«ስለ ራስሽ ንገሪን!» አለ አጎቷ የሱፍ፣ ድምፁን አወፍሮ። ከአስር ሶላት መልስ ባጃጁን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ እነዊዳድ በር ላይ አቁሞ፣ አንድ አሮጌ ደብተር እንደ ፋይል ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ለነገው የሥራ ቃለ መጠይቅ እያለማመዳት ነው።

ዊዳድ መሬት መሬቱን እያየች «እኔማ ምን እላለሁ? ታውቁኝ የለ» አለች።

«እነሱ ከየት ያውቁሻል? ቀና በይ! ምን ትችያለሽ?»

«ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ።»

«ያ አላህ! እኔ ‹ባጃጅ ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ› ብልሽ ትሳፈሪያለሽ?»

እናቷ ዙበይዳ ከጓዳ ሳቀች። ዊዳድ አልሳቀችም።

«የማሽኗን ነገር ንገሪያቸው እንጂ» አላት የሱፍ። «ለሱ አይደል የጠሩሽ?»

ለሱ ነው የጠሯት። ጭንቋም እሱ ነው።

ዊዳድና ጓደኛዋ ሙና ኮምቦልቻ ኮሌጅ የስፌት ማሽን ጥገና ይማራሉ፤ ሊመረቁ አንድ ወር ቀርቷቸዋል። ለተግባር ልምምድ እዚያው ከተማ ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተልከው ሳለ አንዲት ማሽን ስፌት እየዘለለች አስቸገረች። የፋብሪካው ሠራተኞች ነካክተው ተዉዋት። ሙና ግን ጎንበስ ብላ የማሽኗን ሆድ ከፈተችና፣ መርፌውና ከሥር ክሩን የሚቀበለው መንጠቆ በጊዜው እንደማይገናኙ አየች፤ አስተካከለችው። ዊዳድ በስልኳ መብራት እያበራችላት ነበር።

ሙና እጇን ታጥባ ዙሁር ልትሰግድ ወጣች። ወዲያው የጥገናው ኃላፊ ጋሽ ደምለው ደረሱ። ማሽኗ አንድም ስፌት ሳትዘል እንደ ውሃ ትፈሳለች፤ አጠገቧ የቆመችው ዊዳድ ናት።

«አንቺ ነሽ? ጎበዝ! እንዲህ ያለ እጅ ነው የምንፈልገው» አሏትና ስሟን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

እነዊዳድ ቤት፣ ትልቅ ሰው ሲያመሰግን ዓይንን ሰበር አድርጎ ዝም ነው፤ መልስ መስጠት ነውር ነው። እንዳደገችው አንገቷን ደፋች። ጋሽ ደምለውም ‹እንዴት ያለች ጨዋ› ብለው ሄዱ። ነገ እነግራቸዋለሁ ስትል ሳምንት አለፈ፤ ሌላም ሳምንት ተከተለ።

ከዚያ የኮሌጁ ሰሌዳ ላይ የፋብሪካው የሥራ ማስታወቂያ ወጣ። ለቃለ መጠይቅ የተጠራችው ዊዳድ ብቻ ናት። ሙና ዊዳድን ለምን እንደጠሯት አታውቅም። አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና ለምርቃት የተገዛላትን ጥቁር ጫማ አመጣችላት።

«ሙናዬ፣ አዲስሽን?»

«አታካብጂ! አብሽሪ፣ በሸራ ጫማ ሄደሽ ታሳፍሪናለሽ እንዴ?»

ዊዳድ ያኔ ልትነግራት አፏን ከፈተች። ታላቅ እህቷ ሰልዋ ትዝ አለቻት። ሰልዋ ሥራ ፈልጋ ፈልጋ ስታጣ ጅዳ ሄደች፤ በሰው ቤት ስትሠራ ይኸው አራት ዓመቷ። ይሄ ሥራ ካመለጠ የዊዳድም መንገድ ያው ነው። አፏን መልሳ ገጠመችው።

ከአጎቷ ጋር በተለማመደች ማግስት፣ ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ መልሶቿን በልቧ ትደጋግም ነበር። ጫማው ተረከዟን ይይዛታል።

ከጠረጴዛው ወዲያ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሃል ያሉት ጋሽ ደምለው ፈገግ አሉላት። «ይቺ ናት ያልኳችሁ። በይ፣ የማሽኗን ብልሽት እንዴት እንዳገኘሽው ንገሪልኝ።»

መናገሩንማ ትችላለች። መብራቱን ይዛ እያንዳንዱን ብሎን አይታለች። እንደ ልማዷ አንገቷን ስትደፋ የሙና ጫማ ፊቷ ድቅን አለ፤ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ።

ቀና አለች።

«ጋሽ ደምለው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማሽኗን የሠራችው ጓደኛዬ ሙና ናት። እኔ መብራት ነበር የያዝኩት። ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ።»

ዳር ያለችው ሴትዮ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጋሽ ደምለው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ፈገግታው የለም።

«ታዲያ አንቺ ምን ትችያለሽ?»

‹ትንሽ ትንሽ› የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«ማሽን ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ መልሼ መግጠም እችላለሁ። ያንን ብልሽትም ከሙና አይቼ፣ ከዚያ ወዲህ ኮሌጅ ውስጥ ሦስት ማሽን ለብቻዬ አስተካክያለሁ። ብልሽት ቶሎ በማግኘት ግን፣ ወላሂ፣ ሙና ትበልጠኛለች።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ስልኳን ልስጥዎት?»

ጋሽ ደምለው ብዙ አዩዋት። ከዚያ ማስታወሻቸውን ገለጡ፤ የሷ ስም ያለበትን ያንኑ ገጽ።

«በይ፣ ቁጥሩን» አሉ።

ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። አንድ በአንድ ጠራችላቸው። ስለ ሥራው ምንም አላሏትም፤ «እንደውላለን» ብቻ አሉ።

ስትወጣ የደሴ ሚኒባስ ደጁ ላይ ይጣራል። አልተሳፈረችም። ጫማውን አውልቃ በፌስታል ይዛው በመጣችው ሸራ ጫማዋ ቀየረችና አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። በእጇ ይዛው ወደ ኮሌጁ፣ ወደ ሙና አቀናች። እውነቱን ለሙና የምትጀምርበት ቃል እስኪመጣላት ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው።

እናንተም ልጆቼ፣ አንድ ቀን ጠረጴዛ ፊት አስቀምጠው «ስለ ራሳችሁ ንገሩን» ይሏችኋል። ያኔ ጫማ በእጇ ይዛ የምትሄደውን ይቺን ልጅ አስታውሱልኝ፤ አደራ።